የአሥራ ሁለት እንጨት ገበቴ

፩

ቋ!

፪

ድምፁ የገበቴ ነው።

ጋሽ ቦጋለ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ዶሮ እንኳ ገጭተው አያውቁም። ጡረታ ወጥተው፣ በገዛ ግቢያቸው፣ አሮጌ ፒካፓቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የሰፈሩን የገንፎ ገበቴ ወጡበት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ከጎረቤት አራስ ቤት አምጥተው፣ አጥበው፣ ሣሩ ላይ ደፍተውት እየደረቀ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በዚህ የጅማ ሰፈር ሴት ስትወልድ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ። ገንፎው የሚቀርበው በዚያ ገበቴ ብቻ ነው። ገበቴው እትዬ አመለወርቅ ቤት ይኖራል፣ እትዬ አመለወርቅ ይዘውት ይመጣሉ፣ መጀመሪያ የሚጎርሱት እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ እልል የሚሉትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳይሉ ማንም አይልም። ወንድ ደግሞ ደጅ ይቆማል እንጂ አይገባም።

እንግዲህ ጋሽ ቦጋለ የጨፈለቁት ይህንን ነው። የባሰው ደግሞ ልጃቸው ሰናይት የበኩሯን ልትወልድ እናት አባቷ ቤት መጥታለች፤ ሆዷ አፍንጫዋ ደርሷል።

እትዬ አመለወርቅ ሰምተው መጡ፣ ስብርባሪውን በነጠላቸው ለቀም ለቀም አደረጉና ይዘውት ወጡ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

፫

መምህርት ዘሃራ እንጨት ሥራ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ የራሷ ቶርኖ ቤት አላት። ጋሽ ቦጋለ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ትልቅ የዋንዛ ግንድ ፈልፍለሽ ገበቴ አድርጊልኝ።»

«ያን የሚያህል ዋንዛ ዛሬ ከየት ይመጣል ጋሼ? ቢገኝስ ርጥብ ነው። እስኪደርቅ የልጅ ልጅዎ ፊደል ቆጥሮ ይጨርሳል።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«በቁርጥራጭ ይሠራል። ትንንሹ እንጨት እንደ ቀለበት ይገጣጠማል፣ ቀለበት በቀለበት ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ ቶርኖው ላይ እየዞረ በመሮ ይቀረጻል።»

«በይ እንግዲህ ሥሪልኝ።»

«እንዴ! ሰባሪው እርስዎ፣ ሠሪዋ እኔ?»

ጋሽ ቦጋለ ሳቁ። ገበቴው ከተሰበረ ወዲህ ጥርሳቸው ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

፬

መምህርት ዘሃራ ለጀማሪ የጻፈችው፦

አሥራ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። የእያንዳንዱን ሁለቱንም ጫፍ አሥራ አምስት ዲግሪ አዘንብሉት። ኮላ ሳትቀቡ በደረቁ ግጠሙትና ቀለበቱን ወደ ብርሃን አንሡት። መጋጠሚያው ብርሃን ካሳለፈ ሥራችሁ ገና ነው። ካላሳለፈ፣ ውሃ የማይፈታውን ኮላ ቀቡና ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ እስኪደርቅ አትነካኩት።

አትነካኩት።

(ሁለተኛዋን የጻፍኩት ለጋሽ ቦጋለ ነው።)

፭

ጋሽ ቦጋለ ዲግሪውን በዓይናቸው ለኩ። «ደሞ ግማሽ ዲግሪ ምን ታመጣለች!» አሉ። አሥራ አንዱ ቁራጭ እጅና ጓንት ሆኖ ገጠመ። አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቁጭ አለ። ግማሿ ዲግሪ ከየጫፉ ተጠራቅማ አንድ ቦታ አፏን ከፍታ ትስቅባቸዋለች።

ሹፌር ክፍተት ሲያይ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ከፒካፓቸው ውስጥ ስቱኮ አወጡ፤ የተጋጨ መኪና የሚለሰንበትን ያንኑ ስቱኮ። ለሰኑት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ሰጋቱራ ነሰነሱበትና ደረታቸውን ነፍተው መምህርታቸውን ጠሩ።

ዘሃራ ቀለበቱን አገላብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ይቺ ጋ ያለው ምንድነው?»

«እንጨት ነዋ።»

«የምን እንጨት?»

ጋሽ ቦጋለ ትንሽ አሰቡ። «የመኪና።»

ዘሃራ ሆዷን ይዛ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች። ስቃ ስቃ ሲወጣላት ግን ዓይኗን ጠርጋ፣ «ገንፎ እኮ ትኩስ ነው፣ ቅቤውም የቀለጠ» አለች። «ይሄ ተፈርፍሮ እትዬ አመለወርቅ ጉርሻ ውስጥ ቢገባስ?»

 ጋሽ ቦጋለ ቀለበቱን በገዛ እጃቸው ወስደው ጣሉት።

ሁለተኛውን በልኩ ቆረጡ። ማሰሪያ ሲጠፋ ከድሮ ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቀድደው ዙሪያውን ወጥረው ጠመጠሙበት፤ ቁርጥራጩ ሁሉ እኩል ተጨምቆ አንድ ሆነ። ዘሃራ ላስቲኩን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችና፣ «ይሄንንስ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ» አለች። ጋሽ ቦጋለ ያን ቀን ቤታቸው የገቡት እያፏጩ ነው።

፮

የቀረው ሐሳብ የወይዘሮ ዘነበች ነው።

«ገበቴው የሰፈሩ አይደል? ታዲያ እንጨቱ ለምን ከሰፈሩ አይመጣም? የመሐሉ ቀለበት እንኳ።»

ሌላውን ቀለበት ሁሉ ከዘሃራ የዋንዛ ቁርጥራጭ ሠርተው፣ ለመሐሉ ጋሽ ቦጋለ ከረጢት አንጠልጥለው ቤት ለቤት ዞሩ። አንዷ የተሰበረ ዘነዘና ሰጠቻቸው። ልብስ ሰፊው የጠረጴዛ እግር ነቀለላቸው፤ ጠረጴዛው እስካሁን በድንጋይ ተደግፏል። ኳስ ተጫዋቾቹ የጎላቸውን ቋሚ ጫፍ በመጋዝ ቆረጡ። ወይዘሮ ፋጤ የልጃቸውን ምርኩዝ ይዘው ወጡ፤ «አሁንማ ይሮጣል፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው፣ እየሳቁ፣ እንባቸውም እየወረደ። የአልጋ እግር የሰጠ አለ፣ የበር መቃንም አለ። አንዱ ጎረቤት መጥረጊያ እጀታ አምጥቶ ሚስቱ አስመለሰችው።

አሥራ አንድ ሞላ። የቀረው የእትዬ አመለወርቅ በር ነው።

፯

ይህ ቦታ ክፍት ነው። ስቱኮ አላደርግበትም። ዝለሉት።

፰

በበር ላይ የተባለ፦

ቦጋለ፦ ቤቶች!

አመለወርቅ፦ ማነው?

ቦጋለ፦ ቦጋለ ነኝ እትዬ።

አመለወርቅ፦ የለሁም።

ቦጋለ፦ እትዬ፣ በሞቴ! አንድ ቁራጭ እንጨት ብቻ።

አመለወርቅ፦ አንተ ቦጋለ፣ ያንን ገበቴ ባሌ ሽብሩ ለምን እንደፈለፈለው ታውቃለህ?

ቦጋለ፦ ለአራስ ገንፎ ነዋ።

አመለወርቅ፦ ለኔ ነው። እግዜር ልጅ አልሰጠኝም፣ ታውቃለህ። የወለደች ቤት ሄጄ ጥግ ይዤ ስቀመጥ ሽብሩ ከደጅ ሆኖ ያየኝ ነበር። «እንኪ፣ ይህን ይዘሽ ግቢ። ካሁን በኋላ አንቺ ሳትመጪ ገንፎ አይቀርብም» አለኝ። ይኸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በሱ ተቀበልኩ። ያንተኑ ሰናይትን ጭምር። አሁን ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?

ቦጋለ፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ይማሩኝ።

(በሩ አልተከፈተም።)

፱

ጋሽ ቦጋለ ቶርኖ ቤት እየመጡ ያልሞላውን ቀለበት ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ዘሃራ ይህን አይታ፣ የመሐሉ ቀለበት እስኪሞላ ብላ፣ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ቶርኖው ላይ አሰረችና መሮውን አስጨበጠቻቸው።

«መጀመሪያ መሮውን ማስደገፊያው ላይ ያሳርፉት። አይግፉት፣ አይታገሉት። መሪ እንደያዙ ያስቡ።»

መሪማ ያውቃሉ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጉማጁ ዞረ፣ መሮው እንጨቱን ገና ሲስም የእንጨት ልጣጭ እየተጠቀለለ በትከሻቸው ላይ መፍሰስ ጀመረ። ባርኔጣቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ ኪሳቸው ውስጥ። ያ ሻካራ ጉማጅ ዓይናቸው እያየ ክብ ሆነ። እጃቸውን ቢያሳርፉበት እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «እሰይ! እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?»

፲

«ጋሼ፣ ልጅቷ ዛሬ ነገ ናት» አለች ዘሃራ። «ዋንዛ ሞልቶኛል። አሥራ ሁለተኛውን ከዚህ እንቁረጥና እንጨርስ።»

«አይሆንም።»

«ማን ያውቃል? ዋንዛ ዋንዛ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። የእሳቸው ቦታ ነው፣ ሌላ አልለስንበትም።»

«ብትወልድስ?»

«ትውለዳ! ገንፎው ይቆያል።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፦ «ምጥ ጀምሯታል! መኪናዋን አስነሣ!» ጋሽ ቦጋለ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሡና መሮ እንደያዙ ወደ ፒካፓቸው ሮጡ።

«ጋሼ፣ መሮውን!» እያለች ዘሃራ ተከተለቻቸው።

፲፩

ሴት።

ጸጉራም። ድምፀ መልካም። አያቷ ሲያቅፏት ጭንቅላቷ ላይ ሰጋቱራ አራገፉባት፣ ነርሷም ተቆጣቻቸው።

ይሁንና ሰፈሩ እልል አላለም። ገበቴ የለም፣ እትዬ አመለወርቅም ቤታቸውን ዘግተዋል። ዘሃራ ግን አፏን መያዝ አልቻለችም፤ «ጋሽ ቦጋለ የእትዬን ቦታ ክፍት ትተው ቁጭ ብለዋል፣ ሌላ እንጨት አላስነካም አሉ» ብላ ለወይዘሮ ፋጤ ነገረች። ለወይዘሮ ፋጤ መንገር ማለት ደግሞ በድምፅ ማጉያ መናገር ነው። ወሬው እትዬ ጆሮ ለመድረስ ያን ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

፯

(የክፍቱ ቦታ ባለቤት መጡ።)

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አመለወርቅ በዘሃራ ቶርኖ ቤት በር ብቅ አሉ። በነጠላቸው የቋጠሩት ነገር አለ።

«የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

ጋሽ ቦጋለ በጣታቸው አሳዩ። እትዬ አመለወርቅ የራሳቸውን ጣት ክፍተቱ ውስጥ ሰደዱ፤ ልኩን ያዩ ይመስል ጥቂት እዚያው አቆዩት። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱ። የድሮው ገበቴ ስባሪ ነው፣ ከወፍራሙ መቀመጫው በኩል።

ዘሃራ አሸተተችው። «ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም፣ እትዬ። እስኪ ላዩን ልላገው።» ጥቁሩ ወዝ ተላጠ፣ ተላጠ፤ ከሥሩ ደረቁ የዋንዛ ልብ ወጣ።

ጋሽ ቦጋለ መጋዙን አነሡ። ስባሪው ላይ አሳረፉት፣ መልሰው አነሡት።

«ቁረጠው እንጂ!» አሉ እትዬ። «አንድ ጊዜ ሰብረኸዋል። አሁን ምን ያስፈራሃል?»

ሦስቱም ሳቁ። ጋሽ ቦጋለ በዓይናቸው አልለኩም፤ ለኩ፣ ደግመው ለኩ፣ ቆረጡ። አሥራ ሁለቱን ገጥመው ቀለበቱን ወደ መስኮቱ አነሡት።

ብርሃን አላሳለፈም።

፲፪

የገንፎው ቀን ደረሰ። ቀለበቶቹ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል እንደ ብሎኬት ተዛንፈው ተደርድረዋል፣ ቶርኖው ላይ ተቀርጸዋል፣ የኑግ ዘይት ጠጥተዋል። ጋሽ ቦጋለ ገበቴውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እትዬ አመለወርቅ ደጅ ወሰዱት። ዛሬ በሩ ክፍት ነበር።

«ይዘውት የሚገቡት እርስዎ ነዎት።»

እትዬ አመለወርቅ ተቀበሉ። ገበቴውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አራሷ ወዳለችበት ወደ ጋሽ ቦጋለ ቤት ቀድመዋቸው ሄዱ።

ጋሽ ቦጋለ እንደ ወንድ ወጉ ደጅ ቀሩ። በመስኮት ግን ያያሉ። ወይዘሮ ዘነበች ትኩሱን ገንፎ ገለበጡ፣ መሐሉን ጎደጎድ አድርገው የቀለጠውን ቅቤ በበርበሬ አፈሰሱበት። ሴቶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን ያያሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን እንጨት ትፈልጋለች። «ያ የኔ ዘነዘና!» አለች አንዷ። ዘሃራ ጣቷን ከገበቴው ሥር ዙሪያውን አዙራ ወደ መስኮቱ አነሣችው።

ደረቅ። ቅቤው አልሾለከም።

ጋሽ ቦጋለ ግድግዳውን ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

እትዬ አመለወርቅ ገበቴውን ቀስ አድርገው አዞሩት፤ የሽብሩ ዋንዛ ከፊታቸው ሲሆን አቆሙት። በዚያው በኩል ቆረስ አድርገው ጎረሱ። አላመጡ። ሰናይት ሕፃኗን ጠጋ አደረገችላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መስኮቱም ዞር አሉ።

«አንተ ቦጋለ፣ ዛሬ ደጅ አይቆምም። ና ግባ።»

ገቡ። ሰጋቱራ የጠገበውን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ሥር ቆሙ። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ እልል የሚሉት እትዬ ናቸው፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ እናንተም እስከዚህ ከዘለቃችሁ ከሰፈሩ ናችሁ።

እትዬ አመለወርቅ ቀና አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤