የጠቆረው ዘይት

"ዘይት በላይ በላዩ ሲፈላ ምን ይሆናል?" አለች አስተማሪዋ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች።

"መርዝ!" አለ ሰባተኛ "ለ" በአንድ ድምፅ።

መርዝ ብላ አላስተማረቻቸውም። ወይም ብላ ይሆናል፤ ሰውነቷ ከዛለ ወዲህ ያለችውንና ያላለችውን መለየት አቅቷታል። ሳምንቱን ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞረች ስለ ጤናማ አመጋገብ ስትለፈልፍ ጉሮሮዋ ደርቋል፣ እግሯ አብጦ ጫማዋን ሞልቶታል። እሷ ራሷ ቁርስ የሚባል ነገር ከቀመሰች ሰንብታለች።

"መርዝ እንኳ አይባልም፣ ግን..." ብላ ልታርማቸው ስትጀምር፣ የክፍሉ ቀልደኛ ከኋላ ብድግ አለ።

"ቲቸር፣ እንግዲያውስ የሚጢጢ እናት ፈጅታናለቻ!"

ክፍሉ አውካካ። በክፍሉ ካሉት ሁሉ ትንሿ፣ ለጥያቄ ሁሉ እጇን ቀድማ የምታወጣው ሚጢጢ፣ ዴስኳ ላይ አቀረቀረች። አስተማሪዋ ያኔ ነው የገባት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንች የምትጠብሰው ሴት የዚች ልጅ እናት ናት። እሷ አስተማሪዋ እንኳ ምሳ ሳትቋጥር በመጣች ቁጥር ከዚያችው ሴት እያስገዛች፣ መምህራን ክፍል ጥግ ይዛ የምትበላው ያንኑ ድንች ነው።

"ዝም በሉ!" ከማለቷ ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማንን መልሳ ታስተምር?

ኮሪደሩ ላይ ርዕሰ መምህሩ ፊቱ በርቶ ጠበቃት።

"አንቺ ሴት፣ ትምህርትሽ ጉድ ሠራ! ልጆቹ እኮ ድንቹን እርም አሉ። ነገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሺና አስረጂልኝ። ከዚያ ሴትዮዋን ከበራችን እናስነሳታለን።"

"እኔ ነኝ የማስነሳት?"

"አስነሺ መች አልኩሽ? ተናገሪ ነው ያልኩት። የማስነሳቱን ለእኔ ተዪው።"

ለመከራከር አቅም አልነበራትም። "እሺ" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በር ላይ ሴትዮዋ ከወትሮዋ ቀድማ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። ድንቹ ትሪው ላይ ተቆልሎ ቀዝቅዟል። ሚጢጢ ከጓደኞቿ ጋር ብቅ ስትል እናትየው እጇን በሽርጧ ጠራርጋ "ነይ እናቴ፣ ቦርሳሽን ላግዝሽ" ብላ ዘረጋችላት። ልጅቷ እንደማታውቃት ሰው ፊቷን አዙራ አለፈች፤ ራቅ ብላ አጥሩ ሥር ቆመች። የተዘረጋው እጅ ማረፊያ አጥቶ ቆየ።

የአስተማሪዋ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ወንበር ይታያል፤ ሁለት ወንበር ባዶ ነው። እግሯ ወደዚያ ሊል ዳድቶት ነበር። ግን ወደ ሴትዮዋ ሄደች።

"ደህና ዋልሽ እህቴ?"

"እግዜር ይመስገን፣ መምህርት። ልጄን ምን እንደነካት አላውቅም። አሟት ይሆን? የእርስዎን ትምህርት ስትወድ ለጉድ ነው። ቤት ስትገባ 'እማ፣ አትክልት አብዢ' ትለኛለች።"

አስተማሪዋ ብረት ድስቱን አየችው። ዘይቱ ከሰል መስሏል። ያስተማረችው ውሸት አልነበረም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አደከማት።

"አላመማትም። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ዘይት ያወራሁት ነው። ልጆቹ በአንቺ ሳቁባት።"

ሴትዮዋ ወደ ድስቱ እያየች፣ "መጥቆሩን አጥቼው መሰለዎት?" አለች። "ልድፋው ብል ነገ በምን እጠብሳለሁ?"

"እሱን እኔም አላውቅም።" "ነገ የወላጆች ስብሰባ እንዳለ ሰምተሻል?"

"ኧረ ማን ነግሮኝ!"

"የስብሰባው ወሬ ስለ አንቺ ነው። ሊያስነሱሽ ነው። እኔም እንድናገር ታዝዣለሁ።"

"እና ይናገራሉ?"

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ። አስተማሪዋ በዓይኗ ሸኘችው።

"ዘይቱ መጥፎ ነው እላለሁ፤ ነውና። ዘይት የምትቀይርበት ዕድል ሳይሰጣት ትነሳ ለሚል ግን አፌን አላውስም። አንቺም ወላጅ ነሽ፤ መጥተሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።"

"እኔ? በዚህ ልብሴ?"

"በዚሁ ልብስሽ።"

ጎንበስ ብላ የድንቹን ትሪ ባንድ ጎኑ ያዘች። ወገቧ ሲጢጥ አለ። "ያዢው እንጂ በዚያ በኩል፤ ልጅሽ ጋ እናድርሰው።"

"መምህርት፣ ተማሪው ሁሉ ያየናል እኮ!"

"ይየን" አለች አስተማሪዋ።