ሦስት ጊዜ የታጠቡ ሴሎች

ማርሊስ ዱክ አምስት ዓመቷን የገበረችው ለደነቆሩ ሴሎች ነው። ዊኒፔግ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የአንጎል ነርቮችን የሚደግፉ ሴሎችን በሳህን ታሳድጋለች፤ ነርቮች የሚላላኩበትን ፔፕታይድ የተባለ ኬሚካል ሰባት ቀን ታጠጣቸዋለች፤ በስምንተኛው ቀን አጥባ አዲስ ጠብታ ትጨምራለች። መልእክቱ ከደረሳቸው፣ በተጨመረባቸው ቀለም ማብራት ነበረባቸው፤ አያበሩም። «መልእክት የበዛበት ተቀባይ ይዘጋል» ብላ መመረቂያዋን ጻፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመመረቂያ ፈተናዋን አልፋ በዚሁ ዶክተር ልትባል ነው።

ሰኞ ጠዋት አዲሷ ረዳት ጃኒን እየሳቀች መጣች።

«አንቺ፣ ሴሎችሽን ስንት ጊዜ ነው የምታጥቢው?»

«አንዴ። ከዚያ ካለፈ ከሳህኑ ተልጠው ይሄዳሉ። የዚህ ቤት ሕግ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ወይ ጣጣዬ! እኔ ሦስቴ አጠብኳቸው። ግን አልተላጡም። ጠብታውን ስጨምር እንደ ገና ዛፍ ቦግ አሉልሽ! ጤነኛ ናቸው ማለት አይደል?»

ማርሊስ ክው አለች። ለካስ ሴሎቹ አልደነቆሩም! አሮጌው ፔፕታይድ በአንድ እጥበት ሳይለቅ ቀርቶ የሴሎቹ መልእክት ተቀባዮች ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አዲሱ መቀመጫ አጣ እንጂ ማን ዘጋበት? የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ይህን መፍራት እንኳ አላወቀችበትም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በገዛ እጇ ዐሥራ አንድ ሳህን ሦስት ሦስቴ አጠበች። ሁሉም አበሩ። እንደዚያ ሲያምሩባት ጠላቻቸው።

ፕሮፌሰር ሃልዶርሰን በቢሯቸው ምሳቸውን እየበሉ ነበር የሆነውን የነገረቻቸው።

«ስንቴ አጠብሽ?»

«ሦስቴ።»

«አንዴ ነው ያልኩሽ!»

«ዐሥራ አንዱም አበሩ፣ ፕሮፌሰር።»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንዴ የታጠበው የአምስት ዓመት ውጤት አለሽ አይደል? እሱን ይዘሽ ፈተናሽን ግቢ።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«እኔ ሠላሳ ዓመት አንዴ ነው ያጠብኩት» አሉ ሽማግሌው ምሳቸውን ገፍተው።

ማርሊስ እንዲያጽናኗት ነበር የመጣችው። አሁን ማን ማንን ያጽናና? እሳቸው አንዴ እጠቡ ብለው ያስመረቋቸውን ተማሪዎች በጣታቸው ስም በስም መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው አልቆ እንደገና ከአውራ ጣት ሲነሱ፣ እሷ ፈተናዋን የሚሰርዘውን ደብዳቤ ልትጽፍ ወጣች። እያለቀሰች ነበር።