የሲባጎው ሌላ ጫፍ

ፎርማኑን በሥራ ቦታ የሚያውቀው ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ቱንቢ» እያለ ነው። ቱንቢ፣ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ደግሞም አላጋነኑም። በሠላሳ ዓመት የፎርማንነት ዘመኑ የተንጋደደ ግድግዳ አይቶ ያለፈበት ቀን የለም። የጣት ውፍረት ያህል ያዘነበለ ግንብ ካየ «አፍርሰው!» ነው፤ ልመና የለ፣ ምልጃ የለ። ከኋላው ያሙታል፣ ከፊቱ ይሽቆጠቆጣሉ፤ የራሳቸውን ጎጆ ሊቀልሱ ሲነሱ ግን መጀመሪያ የሚያማክሩት እሱን ነው።

ያን ማክሰኞ ይህ ሰው በኢንጂነሩ የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ገጽ ወረቀት አንብቦ መጨረስ አቅቶት ነበር።

ወረቀቷ የአደጋ ሪፖርት ናት። ባለፈው ሐሙስ ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ ስለሞተው ለሳኝ ነው የምትናገረው። መሐል ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ሟች የደህንነት ቀበቶ እንዲያደርግ በፎርማኑ ቢነገረውም እምቢ በማለት ያለ ቀበቶ ወጥቷል።» ከታች የፎርማኑ ፊርማ የሚያርፍበት መስመር ባዶውን ይጠብቃል።

«ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እሱም ትንሽ ደፈር ያለ ልጅ ነበር።»

«ደፋር አልነበረም።»

«እሺ፣ አልነበረም። ግን የሞተ ተጎዳ። ያለው ደግሞ መኖር አለበት። እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት። ይቺን ካልፈረሙ ጥያቄው ወደ እርስዎ ይዞራል። ፍርድ ቤት አለ፤ እስርም ሊመጣ ይችላል። ይፈርሟትና ሆድ ይፍጀው።»

ኢንጂነሩ ሐሙስ ዕለት ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የማይጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ነው። ጋሽ ቱንቢ «እስከ ነገ ጠዋት ስጠኝ» ብሎ ተነሣ።

የሆነው ይህ ነው። ሟቹን ጓደኞቹ «ማለዳ» ይሉት ነበር፤ ከዘበኛው በቀር ማንም ሳይኖር ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነበርና። ጋሽ ቱንቢም በጠዋት ስለሚገባ፣ ሌላው ሠራተኛ እስኪሰበሰብ ሁለቱ መስመር ያወጡ ነበር። ለመስመር ሲባጎ ይወጠራል፤ ሲባጎ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይወጥረውም። ጋሽ ቱንቢ አንዱን ጫፍ ይዞ ጥቅሉን ይወረውራል፤ ማለዳ ከወዲያ ቀልቦ «ይዣለሁ ጋሼ!» ይላል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያ ጫፍ ከልጁ እጅ አምልጦ አያውቅም።

በዚያ ሐሙስ ሕንፃውን የሚያሠሩት ሰዎች ለጉብኝት ሊመጡ ነበር። ጋሽ ቱንቢ ከታች ሆኖ ቀና ሲል በአራተኛው ፎቅ መስኮት ሥር ያልተለሰነች፣ መዳፍ የምታህል ቦታ አየ። ያቺ ዓይኑ ናት ጉዱን ያመጣችው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ልብም አይላት።

«ወጣ በልና ድፈናት» አለው ማለዳን።

«ቀበቶው ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል ጋሼ። ዕቃ ቤት ጠባቂው እስኪመጣ ብንቆይ…»

«አምስት ደቂቃ ለማትሞላ ነገር! ውጣ እንጂ!»

«እሺ ጋሼ» አለና ወጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ጀማሪዎቹን ሲመክር የኖረ ሰው፣ የዚያን ቀን ምክሩ ለራሱ ጠፋበት። መወጣጫው ላይ ያለው ጣውላ ተገለበጠ። ንግግራቸውን የሰማ አልነበረም፤ ዘበኛው እንኳ ከበሩ ማዶ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

ጋሽ ቱንቢ ከቢሮው ሲወጣ የማለዳን ሚስት የዕቃ ሣጥኖቹ ዘንድ ቆማ አገኛት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። የባሏን ዕቃ ልትወስድ ነው የመጣችው። እሱ ራሱ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አቀበላት፦ የልስን ማንኪያ፣ ውሃ ልክ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ቱታ፣ በቁራጭ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ሲባጎ።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቀበቶ አድርግ ሲባል እምቢ ብሎ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

የሣጥኑን ክዳን መልሶ ዘጋ።

«እምቢ ማለት አያውቅበትም ነበር እኮ» አለች ሴትየዋ። «ጎረቤት ሁሉ ቅዳሜና እሑዱን በነፃ እያሠራው፣ አንድ ቀን እንኳ እምቢ በል እያልኩ ስንቴ ተጣልቼዋለሁ። ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው። አባዬ ለምን ወደቀ ትለኛለች። እምቢተኛ ስለነበረ ነው ልበላት?»

«ገና እየተጣራ ነው።» ሰው ሲጨንቀው የቢሮ ቋንቋ ይቀናዋል።

ሴትየዋ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ሲባጎው ከፌስታሉ አፍ ሾልኮ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ቱንቢ አነሣው፤ ሊጠራት ብሎ ተወው። ኪሱ ከተተው።

ጋሽ ቱንቢን ያሳደገችው አክስቱ ናት። እናቱ ጡት ሳይጥል ስለሞተች እናትም አባትም የሆነችለት እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ሆኖ እሱ ይጦራታል። «እታታ» ነው የሚላት። ዘጠና ሊሞላት ነው። ጠዋት የበላችውን ከሰዓት ትረሳለች፤ በልጅነቷ የሰማችውን ተረት ግን አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ታወርደዋለች። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ተረቱን ከኑሮው ለይታ አታውቀውም። የሰፈሩን ሐኪም የተረት ንጉሥ አድርጋ ስትሰግድለት ጎረቤቱ በሳቅ የፈረሰበት ጊዜ አለ።

ያን አመሻሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። ጋሽ ቱንቢ ገብቶ ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፍ ሲባጎውን አየችው።

«ውይ! የድልድዩን ሲባጎ አመጣኸው?»

«የቱን ድልድይ እታታ?»

«የቱን ይላል እንዴ! ስንቴ አስለቅሶህ! ወንዙ እምቢ ያለውን ነዋ።»

ሌላ ቀን ቢሆን «እሺ እታታ» ብሎ ያልፋት ነበር። የዚያን ቀን ግን አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ ንገሪኝ» አላት።

«ሰባት ግንበኞች ነበሩ» አለች እታታ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «ድልድይ ይሠራሉ። ቀን የሠሩትን ወንዙ ማታ ይበላዋል። ዓመት ሠሩ፣ ዓመት በላ። ኋላ ወንዙ አፍ አውጥቶ ተናገረ። ‹የአንድ ሰው ጥላ ስጡኝና ድልድዩን ልተውላችሁ› አለ። ጥላ እንዴት ይሰጣል? በሲባጎ ይለካል፤ ሲባጎው መሠረቱ ሥር ይቀበራል። ባለ ጥላው በአርባኛው ቀን ይሞታል። ግንበኞቹ ‹ነገ ቀድሞ የመጣው ይለካ› ብለው ተማማሉ። ማታ ግን እያንዳንዱ በሆዱ ‹እኔስ አረፍዳለሁ› አለ። አንዱ ብቻ፣ ሲማማሉ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነበርና አልሰማም። የነገረውም የለም። በነጋታው እንደ ልማዱ ቀድሞ መጥቶ ሥራ ጀምሮ ደረሱበት። ‹ና እስቲ ወንድም ዓለም፣ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ› አለው አንዱ። ያዘለት። የገዛ ጥላው የሚለካበትን ሲባጎ በገዛ እጁ ያዘለት።»

ጋሽ ቱንቢ ልጅ ሳለ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሆድ ብሶት ያለቅስ ነበር። «ለምን ያዘለት?» ይላል። «አምኖት ነዋ» ትለዋለች። ሲያድግ ግን ድልድይ በስሚንቶና በብረት እንጂ በጥላ እንደማይቆም የሚያውቅ የሥራ ሰው ወጣው። ተረቱን ከወተት ጥርሱ ጋር የጣለው ይመስለው ነበር። አሁን ቀድሞ ስለመጣው ሰው ስትነግረው የማለዳ ፊት መጣበት፣ «ይዣለሁ ጋሼ!» የሚለው ድምፁም እንዲሁ።

«እታታ፣ ሌላውን ጫፍ ማን ያዘ?»

መርፌዋን አቆመች። «አንተ ልጅ! ያን ሁሉ ዓመት ስነግርህ አንድ ቀን እንኳ ይሄን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ለሟቹ ስታለቅስ ነው የኖርከው። ሌላውን ጫፍማ አለቃቸው ነዋ የያዘው። በሲባጎ አንድ ሰው ብቻውን ይለካል እንዴ?»

«አለቃው ኋላ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ድልድዩ ቆመለት። በላ፣ ጠጣ፣ አረጀ። ያገር ሰው ‹ድልድዩን ያቆመው› እያለ ከወንበሩ ይነሣለት ነበር። ብቻ እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ አልተሻገረበትም ይላሉ።»

«እኔ እኮ ተረቱ የሟቹ ይመስለኝ ነበር።»

«ሟች ምን ይሰማል ልጄ? ተረት የሚነገረው በሕይወት ላለው ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ዓይኗ ደብዘዝ አለና «እራትህን በላህ?» አለችው፣ ገና ከትምህርት ቤት እንደመጣ ልጅ።

አልበላም። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ደግሞ ለራሱ አልካደም። እስር ቤት ፈራ፤ እታታን ማን ያጥባታል፣ ማን ያጎርሳታል ብሎ ፈራ። ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም በአንድ ቀን ሲናድ ታየው። ከሁሉ የባሰው ግን ነገ ወረቀቷን ቢፈርም ሰው ሁሉ እንደ ድሮው «ጋሽ ቱንቢ» እያለ እንደሚጠራው ማወቁ ነበር። ያንን መሸከም የሚችል መስሎ አልታየውም።

በነጋታው ቢሮው እንደተከፈተ ገባ። ወረቀቷን ስቦ፣ ያቺን ዐረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዛትና ከሥሯ በራሱ እጅ ጻፈ፦ «ቀበቶው ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ሟች ይህንኑ ነግሮኝ እንቆይ ብሎኛል። ያለ ቀበቶ ውጣ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» ፈረመ።

ኢንጂነሩ አንብቦ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይቺን ልቅደዳትና ሌላ ላትም።»

«ብትቀዳት ሌላ እጽፋለሁ።»

«የሠላሳ ዓመት ሥራዎን እኮ ነው የሚያፈርሱት!»

«የተንጋደደ ግድግዳ ሳይ ምን እንደምል ታውቃለህ» አለ ጋሽ ቱንቢ፣ ቆቡን እያነሣ።

የማለዳ ሚስት የምትኖረው በአንድ ረጅም ግቢ ውስጥ፣ በረድፍ ከተሠሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በከሰል ስባሪ ካርቶን ላይ ቤት ትሥላለች። ሴትየዋ ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። አልቀነሰም፣ ለራሱም አላደላም።

«ውጣ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀበቶው እንደተቆለፈበት ነግሮዎት?»

«ነግሮኝ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ይረግመኛል ያለው አፍ አልረገመውም፤ ይቅር የሚልም ቃል አልወጣውም። ወደ ልጅቷ እያየች «ለሷ ይንገሯት» አለች። «እኔ ይሄን ከአፌ ማውጣት አልችልም። እርስዎ ይንገሯት።»

ጋሽ ቱንቢ የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከ። ሲባጎውን ከኪሱ ሲያወጣ ልጅቷ ዘላ ያዘችው።

«የአባዬ ነው!»

«አዎ፣ የአባትሽ ነው። ረስታችሁት ነው ያመጣሁላችሁ። አብረን ስንሠራ አንዱን ጫፍ እሱ ይይዝ ነበር፣ አንዱን እኔ።»

ልጅቷ ጥቅሉን እንደያዘች ጫፉን ለእሱ ሰጠችውና ወደ ኋላ ሄደች፤ እናቷ እግር ሥር ስትደርስ ሲባጎው ተወጠረ። አባቷ ቤት ውስጥ ያስለመዳት ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም።

«አባዬ እምቢ ብሎ ነው የወደቀው?»

«አይደለም የኔ ልጅ። እምቢ አላለም። ውጣ ብዬው፣ አምኖኝ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ሲባጎውን ለቆት ነው?»

ሴትየዋ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ቱንቢ በጣቶቹ መሐል ያለውን ጫፍ አየ፤ ከዚያ ልጅቷን አየ።

«አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ለቆ አያውቅም» አላት። «የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»