የቱይኔ አካፋ

መጀመሪያ ያጠራጠረኝ ታርሞ እሺ ማለቱ ነው። በመስከረም ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ፣ "እኔ እስክፈቅድልህ አካፋ እንዳትነካ። በብርድ በረዶ ሲዝቁ ልባቸው ቀጥ ያለባቸው ብዙ ናቸው" አለው። ባሌም "እሺ" አለ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ሳይከራከር እሺ ያለበትን ቀን አላስታውስም።

በረዶው ሲጀምር የምጠርገው እኔ ሆንኩ። ጥር ላይ ግን አንድ ማለዳ ስነሳ፣ ከቤታችን ደጃፍ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ ግማሹ ተጠርጎ አገኘሁት። ታርሞ ወጥ ቤት ተቀምጦ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል።

"ማን ጠረገው?"

"ነፋሱ ይሆናላ።"

"ነፋሱ ደግሞ አካፋ መያዝ የጀመረው መቼ ነው?"

"እኔን ምን ትነዘንዢኛለሽ? እሱን ጠይቂው።"

ቦት ጫማውን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። አካፋችንም ደረቅ ነው። ቢሆንም አላመንኩትም። አካፋውን የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍላችን፣ ሳውናው ውስጥ ቆልፌበት ቁልፉን ትራሴ ስር አደረግኩ። ማንኮራፋቱ ስለማያስተኛኝ የምናድረው በየክፍላችን ነው፤ መውጣት መግባቱን አልሰማም። በማግስቱ መንገዱ እንደገና ተጠርጓል። በረዶው ላይ ያለው ዱካ ደግሞ የባሌ አይደለም። ሰፋ ያለ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ጎረቤታችን ወደ ቱይኔ በረንዳ ነው።

ከቱይኔ ጋር፣ በረዶዋን ቆልላ አጥራችንን ከሰበረችው ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሰላምታ የለንም። ታዲያ ምን አስጠረጋት? በግቢያችን አቋርጣ ከቤታችን በታች ወዳለው ሐይቅ መውረድ አምሯት ይሆን? ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

"እኔ? የናንተን በረዶ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ተቆረጠ። "ይልቅ አንቺ አካፋዬን ተይልኝ።"

"የምን አካፋ?"

"በረንዳው ላይ የማቆመውን ነዋ! በየጠዋቱ ረጥቦ አገኘዋለሁ። የአርቪም ጫማ እንደዚሁ። ካንቺ ሌላ ማንን ልጠርጥር?"

አርቪ ባሏ ነው፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ጫማውን ከበረንዳው አንስታው አታውቅም።

ተያየን። ለሁለታችንም ባንዴ ገባን።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍተን ቱይኔ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ብዙም አልቆየም፤ ታርሞ በሱፍ ካልሲ ብቻ፣ የትናንቱን ዱካ እየረገጠ መጣ። የአርቪን ጫማ አጠለቀ፤ አካፋውን አነሳና ሄደ።

"ይኼን ኮቴ በየጠዋቱ እሰማው ነበር" አለች ቱይኔ ቀስ ብላ። "ጫማው ረጥቦ እስካይ ድረስ፣ የአርቪ ኮቴ እየመሰለኝ፣ አበድኩ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም።"

እጇን ያዝኳት።

ታርሞ አፉን በስካርፍ ሸፍኖ በረዶውን ይገፋል እንጂ አያነሳም። ትንሽ ይገፋል፣ ቆም ይላል፣ ሰዓቱን ያያል። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን የመንገድ ጠራጊው መኪና የከመረው፣ ድንጋይ የሆነ በረዶ ገጠመው። አካፋውን ሰካበት፤ ሊያነሳ ታገለ፤ ተወውና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

እንዴት ሮጬ እንደደረስኩ እንጃ።

"አመመህ?"

"ስካርፌን እያስተካከልኩ ነው። ካፖርትሽስ?"

"ውሸታም!"

"የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፈቅዳልኛለች። ሐኪሙን ጠይቃ ነው። እየገፋሁ፣ እያረፍኩ። ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

ያን ጊዜም አላመንኩትም። ጤና ጣቢያው እንደተከፈተ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ እያየ ደወልኩ።

"እውነቱን ነው" አለች ነርሷ። "ከጥር መጀመሪያ ወዲህ ላላ ያለውን በረዶ መግፋት ይችላል፤ ማንሳት ግን ክልክል ነው። ብቻውን እንዳይወጣም ብዬዋለሁ። አልነገረዎትም?"

ታርሞ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

አሁን የሚጠርገው ከነጋ በኋላ፣ እኔ እያየሁት ነው። ቱይኔ የአርቪን ጫማ ሰጥታዋለች፤ "ግን በበረንዳዬ በኩል እየረገጥክ እለፍ" ብላዋለች። በሩ ላይ የሚከመረውን ጠጣር በረዶ ቱይኔና እኔ ተጋግዘን እንንደዋለን። ታርሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያዝዘናል።

"ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ! ወገባችሁን አይደለም!"

"አንተ ሌባ፣ ዝም በል" ትለዋለች ቱይኔ።