የአምባላዩ ጭራ

እጄን በቆረጠው! ማን ንኪ አለኝ? ኢሕአዴግ ከገባ በአሥረኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ ጽናት የአባቷን ሞት ሰምታ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቫዮሊኗን ይዛ መጣች። ቀብሩ አምልጧታል። ሐሙስ ዕለት እሷ ለቅሶ ደራሽ ልትቀበል ስትወጣ ሳጥኑን ከፍቼ እንደ ማሲንቆ የምትስብበትን ደጋን አየሁት። የተወጠረበት ፀጉር ነጭ ነው፤ ግን ደርቆ ደርቆ ድርቆሽ መስሏል። አሳዘነኝና ለጋ ቅቤ ቀባሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ መልሼ ከደንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ልትለማመድ ብትስበው ድምፅ የለም። ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበችው፤ ፀጉሩ እየተቆላለፈ ተበጠሰ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከውጭ የመጡ መምህራን ይፈትኗታል። ካለፈች አገራቸው ወስደው ያስተምሯታል፤ ከቀረች ተመልሰው አይመጡም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቷ ገና ስላልተከፈተ ደጋን የሚያውሳት የለም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስነግራት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የፈረስ ጭራ እኮ ነው እትዬ" አለችኝ። "ነጭ ፈረስ ባገኝ ጭራውን ደጋኑ ላይ እኔው አስረው ነበር።"

ነጭ ፈረስ በሰፈራችን አንድ ነው፤ የሟቹ ወንድሜ የገብረ አማኑኤል አምባላይ። እሱ ደግሞ በማግስቱ እሑድ ተጭኖ፣ የጌታው ካባ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ከቀብር በኋላ በሚደረገው የአደባባይ ለቅሶ ላይ በሕዝብ ፊት ይወጣል።

መቀስ በነጠላዬ ሸሽጌ ጋጣ ስገባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ የፈረሱን ጭራ አጥበው ያበጥራሉ። ከመሐል ሜዳ የሚነሳው አውቶቡስ በቀን አንድ ነው። ጽናት ለፈተናው ስትል እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንደምትሄድ ከሰሙ ጀምሮ አላናገሯትም። የአባቷን ለቅሶ ጥላ የምትሄድ የኛ ልጅ አይደለችም ብለዋል።

መቀሱን አዩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅቤውንም አልደበቅሁም። ፊታቸው ጠቆረ። ጭራው የተሸለተ ፈረስ አደባባይ ማውጣት ወንድማቸውን ማዋረድ እንደሆነ ነግረውኝ መቀሱን ከእጄ ነጠቁኝ። ጽናት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

"ተይው እትዬ፤ እቀራለሁ" አለች።

ያኔ ደሜ ፈላ። ሻሼን መንጭቄ ጣልኩት። ወንድሜ የሞተ ዕለት እንደ ወጉ ተላጭቻለሁና ራሴ ባዶ ነው።

"እዩኝ ጋሼ። እኔ ስላጭለት አዋረድሽው ያለኝ አለ? ይሄ ፈረስ አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞታል። ለጌታው ቢላጭ ምኑ ነው ነውሩ?"

ራሴን አዩ፤ ፈረሱን አዩ። ከዚያ ጭራውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ራሳቸው ከሥሩ ሸለቱት። ሙሉውን ለጽናት ሰጧት፤ ፊቷን ግን አላዩም። ስትመርጥ፣ ስታበጥር፣ በክርና በጧፍ ሰም ደጋኗ ላይ ስታስር ዋለች። ጎሕ ሲቀድ ሄደች።

እሑድ አምባላዩ ጭራውን ተሸልቶ ሲወጣ ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንዷ አልቃሽ "ፈረሱም ተላጨለት" ብላ ሙሾ ስታወርድ ግን ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። ጋሼ ብቻ አላለቀሱም። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣቸውም። ልጅቱስ የት ናት የሚሉ ሰዎች ሲከቧቸውም የፈረሱን ልጓም ስበው አለፉ።

ማክሰኞ ቴሌ ሄደን ደወልንላት። አልፋለች። እልል ልል አፌን ከፍቼ ሐዘኔ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝ።

"አለቀሰ ወይ?" አሏት። "ፈረሱ።"

"አለቀሰ ጋሼ፤ ጭራው ክሩን ሲነካው አለቀሰ። የአባዬን ለቅሶ እዚያው ፈታኞቹ ፊት ደረስኩ።"

ስልኩን ለቴሌዋ ልጅ መለሱላትና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። ለወንድማቸው ገና ያን ቀን አለቀሱ።