አሥራ አንደኛዋ ፍሬ

የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት የሚጠብቀውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አይወጣም» ነው የሚሉት። ጠመኔ ስትጠይቀው «አይወጣም»፣ አምፖል ስትጠይቀው «አይወጣም»። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ራሱ ስቴፕለር ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል ይባላል፤ ሰውዬውን የሚያውቅ ሁሉ ሐሜት ነው ብሎ አያልፈውም። የፅዳት ሠራተኛዋማ ባልዲዋ ሥሩ ተሰንጥቆ እግሯን እያራሰባት፣ አዲስ ስጠኝ እያለች ስትለምነው አራት ወር ሞላት። ስድስት አዳዲስ አረንጓዴ ባልዲዎች ከጀርባው ተደራርበው ይታዩዋታል። እሱ ግን ቀና ብሎም ሳያያት «አይወጣም» ይላታል።

ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ዕቃ ከእጁ ሲወጣ አንጀቱ አብሮ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው እንጂ።

ከመደርደሪያው ላይኛው ረድፍ፣ ከአምፖሎቹ ጀርባ፣ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለች። ይቺ የትምህርት ቤቱ አይደለችም፣ የራሱ ናት። ውስጧ አሥራ አንድ የቦሎቄ ፍሬ አለ፤ መልካቸው ነጭ ሆኖ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ቀይ ጠብታ ያረፈባቸው። ያስቀመጠቻቸው ሟች ሚስቱ ናት። ግቢ ያለው ቤት ሲኖሩ ቦሎቄዋን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እያሳበች እስከ መኝታ ቤታቸው መስኮት ታደርሰው ነበር። በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩና አፈር የሚባል ነገር ከእግራቸው ሥር ጠፋ። እሷም የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች። ስትታመም እጁን ይዛ ያለችው ረጅም አልነበረም፦ «አደራህን፣ እነዚህ ፍሬዎች እንዳይጠፉ።»

ዕቃ እንዳይጠፋ መጠበቅ ደግሞ ሥራው አይደል? ከቤቱ ቁልፍ ይልቅ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስለሚያምን ወደዚያ አመጣቸው። አንዳንድ ቀን ሰው ሲጠፋ ቆርቆሮዋን አውርዶ ጆሮው ላይ ይነቀንቃታል። ኳ ኳ ኳ ትላለች። አሉ ማለት ነው። መልሶ ያስቀምጣታል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት የሳይንስ መምህርት መጣችና ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር አትክልት ልትተክል ተነሳች። የት? ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው! «መሬት ባይኖርም ዕቃ አይጠፋም» አለች። የተቀደደ ጆንያ፣ ለሁለት የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ መሳቢያው የወላለቀ ጠረጴዛ፣ ሰው የጣለውን ሁሉ እየሰበሰበች የጀሪካኑን ሥር በጋለ ሚስማር ትበሳለች። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር የተቀላቀለ አፈር። ልጆቹ የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ወጋግተው ውሃውን እንደ ካፊያ ያርከፈክፉበታል።

አይወጣም በመስኮቱ አሾልኮ ያያል። ልብ ካላችሁት ግን እያየ አይደለም፤ ወረቀት እያገላበጠ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰላጣው ወጣ፣ ካሮቱ ወጣ። ሲሚንቶ ላይ አረንጓዴ! «ወይ ጉድ» አለ ለራሱ፣ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

አንድ ቀን መምህርቷ ሲባጎ ፈልጋ መጣች። «አይወጣም» አላት እንደ ልማዱ። ከዚያ ግን መስኮቱን አልዘጋባትም።

«ለመሆኑ ዘር ስንት ዓመት ይቆያል?» አለ፣ ነገሩ የማያገባው መስሎ።

«ስንት ቆየብዎ ጋሼ?»

«ለሰው ነው የምጠይቅሽ። ስድስት።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ዘር እንደ ወንበር አይደለም ጋሼ፣ ተቀምጦም ይሞታል። ለዚያ ሰውዬ ዛሬ ነገ አትበል ይበሉት። መጀመሪያ ሦስቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሞክር። ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቀ፣ በሳምንቱ ካጎነቆሉ ሕይወት አላቸው ማለት ነው።»

«ሦስቱ ቢጠፉስ?»

«ቢበቅሉስ?» አለችው።

ያቺ ቃል ሆዱ ገባች። ተቀምጦም ይሞታል! አደራ ጠባቂ ነኝ ሲል አደራ በላ ሆኖ ሊገኝ ነው። በማግስቱ አንዱን አዲስ ባልዲ አወረደ፤ በገዛ እጁ፣ ለራሱ! አፈር ሞላበት፣ አሥራ አንዱንም ሁለት ሁለት አንጓ ጣት እያጠለቀ ቀበራቸው፣ ውሃም አጠጣ። መምህርቷ አይታ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ሥሩን አልበሱትም እኮ!»

«አዲስ ባልዲ ልብሳ? የትምህርት ቤት ንብረት?»

«ታዲያ ውሃው በየት ይውጣ?»

«አይወጣም!» አላት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

አሁን ሰውዬው ያደረገውን ስሙ፤ ይህን ስህተት ከዕቃ ቤት ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። በማግስቱ ጠዋት ባልዲውን ይዞ ዕቃ ቤቱ ገባ፣ በሩን ቆለፈና ቆጠራ ጀመረ። ጣቱን እየሰደደ አንድ በአንድ አወጣቸው፣ ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው፣ አሥራ አንድ። መልሶ ቀበራቸው። በሦስተኛውም ቀን አሥራ አንድ። ያበጡ መሰለውና ደስ አለው። በአራተኛው ቀን ቆጠረ፣ አሥር። እንደገና ቆጠረ። አፈሩን ገለበጠ። አሥር!

ደሙ ፈላ። በሩን ሲከፍት የፅዳት ሠራተኛዋ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ባልዲዋ ውሃ መያዝ ካቆመ ወዲህ ጥራጊ ነው የምትይዝበት፤ ትናንትም የእሱን ወለል ጠርጋ ወጥታለች።

«አንቺ ነሽ!» አላት። «ትናንት ጠርገሽ ጣልሽብኝ!»

«ምኑን?»

«የሚስቴን ፍሬ! ዓይን የለሽም? ሃያ ዓመት መጥረጊያ ይዘሽ ጥራጊና ዕቃ መለየት ያቃተሽ!»

ክው አለች። አብረው የሠሩበት ዘመን ረጅም ነው፤ ሲቀላለዱ እንጂ ሲሰዳደቡ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ባልዲዋን ከነትናንቱ ጥራጊ ወስዳ ቧንቧው ሥር፣ ከልጆቹ ጀሪካኖች አጠገብ ጥላው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን ነሳችው። ባልዲውን ተመልሳ አላነሳችውም፤ ልጆቹ የእነሱ መስሏቸው አፈር ጨመሩበት፣ ሲያጠጡም አልዘለሉትም።

በስምንተኛው ቀን መምህርቷ ለሌላ ጉዳይ መጥታ ጋዜጣው ላይ ደረሰች። «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቆጠራ።»

«በየቀኑ ቆፍረው ያወጧቸዋል?»

«ታዲያ መኖራቸውን በምን ልወቅ?»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ፍሬዎቹን ነካቻቸው። ለስልሰው ላሽቀዋል፤ ሽታቸው አፍንጫ ያስይዛል። አንዷ ነጭ ሥር አውጥታ ነበር፤ የእሱ ጣት ቀንጥሶታል። «ባልዲው ውሃ ቋጥሮ አፍኗቸዋል» አለች ቀስ ብላ። «የተረፈችዋ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

አይወጣም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት የጠበቀውን በስምንት ቀን በገዛ ጣቱ ገደለው። ባዶዋን ቆርቆሮ አነሳና ነቀነቃት። ድምፅ የላትም። ያን ቀን አልቅሷል፤ ምን ልደብቃችሁ።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ጠዋት መስኮቱ ተንኳኳ። የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። ሰላምታ የለ ምን የለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ና።»

«ወዴት?»

«ና ብዬሃለሁ። የጣልኩብህን ዕቃ ተረከበኝ።»

ተከተላት። ቧንቧው ሥር ያ የተሰነጠቀ ባልዲዋ ቆሟል፤ ውሃው በስንጥቁ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ከደረቀ ቅጠልና ከክር ቁርጥራጭ መሃል አፈሩ ተከፍቷል። ከተከፈተው ቦታ አንዲት ነጣ ያለች አንገት ጎብጣ ወጥታለች፣ ከባድ ሸክም ይዞ እንደሚነሳ ሰው። ቅርፊቷን ገና አላወለቀችም፤ እንደ ኮፍያ ደፍታዋለች። ነጭ ነው። ላዩ ላይ አንድ ቀይ ጠብታ።

እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከ።

ይቺ ስድስት ዓመት ሙሉ ኳ ኳ ስትል የኖረች ጠጠር አይደለችም እንዴ! ማን ቀሰቀሳት? በዚያ ጨለማ ውስጥ ላይና ታቹን ማን ነገራት? ማንም ሳይቆጥራት፣ ማንም ሳይቆልፍባት፣ በጥራጊ ውስጥ ተጥላ፣ ከራሷ የሚከብድ አፈር ገፍታ ተነሳች። እጁን ሊሰድ ቃጣውና መልሶ ሰበሰበው። ለመንካት ፈራ። በዕድሜው ብዙ ዕቃ ተረክቧል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ዓይቶ አያውቅም። እያየም ማመን አቃተው።

«እሷ ናት» አለ።

«ማ?»

«ሚስቴ… የሚስቴ ናት።» ወደ እሷ ዞረ። «ይቅር በይኝ። ያን ሁሉ ክፉ ቃል…»

የፅዳት ሠራተኛዋ ጎኑ ቁጢጥ አለች። እሷም ዓይኗን ከባልዲው መንቀል አልቻለችም። «መጥረጉንስ ጠርጌያታለሁ» አለች ዝግ ብላ። «እሱን አልዋሽህም። ማወቁን ነው ያላወቅኩት።»

«እንኳን ጠረግሻት! ባልዲ ብሰጥሽ ኖሮ እኮ ይቺን የተሰነጠቀች አውጥተሽ ትጥያት ነበር።»

«እሰይ! አሁን ደግሞ መንፈግህን ጽድቅ ልታደርገው ነው?»

እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ተነስቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደና አዲስ አረንጓዴ ባልዲ ይዞ ተመለሰ። ፈርሚ አላላትም። እሷም እጀታውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ «ታመሃል እንዴ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ባልዲው ፊት ይቆማል። እንዳይነካ ነው። አንድ ቀን ቅርፊቷን ጥላ ሁለት ቅጠል ዘረጋች። ሌላ ቀን ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር፤ የምትይዘው ፈልጋ ነው። መምህርቷን የከለከላትን ሲባጎ ራሱ አውጥቶ ከባልዲው እስከ ዕቃ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ ወጠረላት። ትናንት ከገመዱ አንድ ስንዝር ርቃ የነበረች ዛሬ ተጠምጥማበታለች። ዓይን የላት፣ በምን አየችው? መምህርቷን ቢጠይቃት አብራራችለት፤ ማብራሪያው ግን ግርምቱን አልቀነሰለትም።

ዛላዎቹ ገመዱ ላይ ሲደርቁ መምህርቷንና የፅዳት ሠራተኛዋን ጠርቶ የመጀመሪያውን ፈለቀቀ። አምስት ፍሬ፤ አምስቱም ላይ ቀይ ጠብታ። መዳፉ ላይ ዘርግቶ አያቸው። «እንዳይጠፉ» ነበር ሚስቱ ያለችው። ቆልፍባቸው አላለችውም።

«ጋሼ፣ ወደ ቆርቆሮዋ ይመልሷቸዋል?» አለች መምህርቷ።

«ቆርቆሮዋን ሥሯን ብሺልኝ» አላት። «እቤት፣ መስኮቴ ላይ አንዷን እተክልባታለሁ።»

በማግስቱ የአራተኛ ክፍል ልጆች ዕቃ ቤቱ መስኮት ፊት ተሰለፉ። ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ፍሬ ያድላል፤ ስንት እንደነበሩ አልቆጠረም፣ ስንት እንደቀሩም አላየም። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ፍሬዋን ተቀብላ አገላብጣ አየችና ተጠራጠረች።

«ጋሼ፣ ይወጣል?»

ከኋላ ያሉት የለመዱትን መልስ ጠብቀው ሊስቁ ተዘጋጁ። ሰውዬው ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ትንሿን መዳፍ በእጁ ዘጋላት።

«ይወጣል» አላት። «ብቻ እየቆፈርሽ እንዳትቆጥሪው።»