አንዴ ብቻ የተጠየቀች እናት

አስያ ለልጇ ለራንያ የዛንዚባርን ነገር ስትነግራት አንጀቷ እያረረ ነበር። ራንያና ባሏ ጀሚል በሚቀጥለው ወር ለሁለት ሳምንት ሊሄዱ ነው። አስያ እዚያች ደሴት ላይ ዘጠኝ ዓመት በእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ራንያንም የወለደቻት እዚያው ነው። ለንደን ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ አንድ ቀን ተመልሳ አላየቻትም።

ታዲያ ምን አንጀቷን አሳረረው? «እማ፣ አብረሽን ነይ» ብላት ነበር እኮ ራንያ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት። አስያም እንደ ደንቡ «ኧረ እኔ ምን ልሠራ! እናንተ ተዝናኑ» አለች። ይሄ እኮ ለይሉኝታ የሚባል ነው። ሁለተኛ ይለመናል፣ ሦስተኛ ላይ «በሞቴ» ይባላል፣ ከዚያ እሺ ይባላል። ለንደን ያደገችው ራንያ ግን «ኦኬ» ብላ ሁለት ትኬት ቡክ አደረገች። ኦኬ! አስያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለተኛውን ልመና ስትጠብቅ ከረመች።

ዛሬ ቅዳሜ ራንያ ካሌዶኒያን ሮድ፣ እናቷ ቤት ድረስ መጥታ የሚነገራትን ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«በመጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት ቼክ አድርጉ» አለች አስያ። «በምሥራቁ በኩል ውሃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋ ብቻ ነው የሚቀረው። ሳይጠይቅ ሊዋኝ የወጣ ጭቃ ረግጦ ይመለሳል። ጫማም አድርጉ፤ ድንጋዩ ሥር እሾሃም ነገር አለ፣ እኔን ወግቶኝ ሳምንት ሙሉ ሳነክስ ነበር።»

«ጫማ፣ እሺ።»

«ከተማ ውስጥ ትከሻሽን ሸፈን አድርጊ። ሱቅ ስትገቢ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ሰላም በይ፣ ስለ ጤናው ጠይቂው። እንደ ለንደን ተንደርድረሽ ‹ስንት ነው› አትበይ።»

«ሌላስ?»

«ምግብ ካቀረቡልሽ በመጀመሪያው እሺ በይ። ሰው ሁሉ እንደ እኛ አይለምንም። እኔ እንደገባሁ ሰሞን ጎረቤቴ በኮኮናት የተሠራ ሩዝ ይዛ መጣች። ‹በልቻለሁ› አልኳት፤ ወላሂ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። እሷ ሆዬ ሳህኑን ይዛ ሄደች! በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።»

ራንያ በሳቅ ፈረሰች። «ወይ ጉድ! ርቦሽ ለምን እምቢ አልሽ?»

አስያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ልጅቷ የጠየቀችው ከልቧ ነው። ያ አላህ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዷ ጨካኝ ስትላት የከረመችው ልጅ የተነገራትን ከማመን በቀር ምን አጠፋች?

«ራንዬ» አለች። «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ዋት? አልሄድም አልሽኝ እኮ!»

«እንድትለምኚኝ ነበር።»

ራንያ ስልኳን አስቀመጠች። «እና ለምን አትነግሪኝም? እኔ እኮ ከእኛ ጋር መሆን የማትወጂ መስሎኝ...» ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር ትዝ አላት። «ቆይ፣ እማ። የዛሬ አራት ዓመት አባዬ ሲሞትስ? ሼፈርድስ ቡሽ እኛ ጋ ነይ፣ አብረን እንኑር ስንልሽ? ክፍል ሁሉ አዘጋጅተንልሽ፣ ቤቴን አልለቅም ያልሽው?»



«ያኔም» አለች አስያ። «ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሁለት ወር ጠብቄሻለሁ።»